ተያዥ ያለው እንግዳ

በዚያ ዘመን በኮምቦልቻ ከሕያዋን ቀድመው የሚነሱት ሙታን ነበሩ።

ጎህ ሲቀድ ድምፃቸው ከየቤቱ ይሰማል። አንዱ ሚስቱን «ተነሽ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣኮ» ይላል። አንዷ ልጇን «ደረብ አድርግ፣ ከቦርከና ወንዝ በኩል ብርድ አለ» ትላለች። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የትኛው ድምፅ የነፍስ፣ የትኛው የዕቃ እንደሆነ መለየቱን ከተወው ቆይቷል። መጀመሪያ ሰሞን ተለቅሶ ነበር፤ ሼሁም ቄሱም ተቆጥተው ነበር። ከዚያ ተለመደ። የአዳም ልጅ ምን የማይለምደው ነገር አለ!

ዕቃውን ሞግዚት ይሉታል። ከአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር የሚቀመጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ደም ይለካል፣ የጎደለውን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባል፣ የለካውንም በስልክ ላይ ያሳያል። ሞግዚት ከመጣ ወዲህ የሆስፒታሉ አልጋዎች ወጥተው ክፍሎቹ የእህል መጋዘን ሆነዋል። ሐኪም ማየት የፈለገ ደሴ ይወጣል፤ እዚያም የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው። ሽማግሌዎቹ «መድኃኒቱስ ይሁን፣ የምናወራው ሰው አጣን» ብለው ሲያማርሩ ሞግዚቶቹን የሚያስተዳድረው ማዕከል ዘዴ ፈጠረ፤ ሞግዚቱ በሟች ቤተሰባቸው ድምፅ እንዲናገር አደረገው። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ።

ራውዳ ሙሄ የዚያ ማዕከል ሠራተኛ ነበረች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አግብታ የፈታች፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ሞግዚቱን በእናቷ ገላ ላይ ሲያስገቡ እጇን ይዛ የቆመችው እሷ ነበረች፤ የአባቷን ድምፅ ለቅማ የሰጠችውም እሷው።

እናቷ ዘምዘም፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ አረጋውያን፣ ጉሮሮዋ ሥር ያለችው ዕጢ ታማ ወጥታላታለች። ያቺ ዕጢ የምታመነጨው ነገር ኢምንት ነው፤ ግን ያለሱ ሰው ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ ያብጣል፣ ያንቀላፋል፣ በመጨረሻም አይነሳም። ስለዚህ ሞግዚቱ ያንን ኢምንት ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥብላታል። ድምፁ የባሏ የሙሄ ነው። ሙሄ ሹፌር የሌላቸው መኪኖች እስኪመጡ ድረስ የጅቡቲን መስመር ሲመላለስ የኖረ ተሳቢ ነጂ ነበር፤ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ከእሱ የተገኘው ቅጂ ሁሉ ከመንገድ ላይ በስልክ የላከው ነው። የሞተውም ሙሄ እንደ ሕያው ሙሄ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

«ዘምዬ፣ እንዴት አደርሽ! ሚሌ ደርሻለሁ» ይላል በየማለዳው። «አይቼሻለሁ፤ ምንም አልጎደለሽም።»

«ኧረ ወዲያ! ሞተህም አትተወኝ?» ትላለች ዘምዘም፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ። ራውዳ ይሄን ስትሰማ ወይ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ወይ ጫማዋን ትፈልጋለች። እሷ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ታውቃለች፤ አንድም ቀን አናግራው አታውቅም።

የራውዳ የሥራ ክፍል መሻገሪያ ይባላል። ሞግዚቱን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም «ባለቤቱ» ይሉታል። ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ድምፅ መሥራት፣ ሌሎች በሞግዚቱ ቺፕ ልክ የጻፉትን ፈጣን ፕሮግራም ይጠራል። ያንን በክፍሉ ቋንቋ እንግዳ ይሉታል። እንግዳው ቤት ገብቶ፣ የቤቱን ዕቃ እንደፈለገ ተጠቅሞ፣ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። የራውዳ ሥራ እንግዳው ሲገባ ቤቱ እንዴት እንደነበር የሚመዘግብ፣ ሲወጣም እንደነበረው የሚመልስ በረኛ ማቆም ነበር።

ነበር። ምክንያቱም በረኛ ባትሪ ይበላል። ባትሪ ይቆጠብ ተባለና አንድ ደንብ ወጣ፤ ተያዥ ያለው እንግዳ አይፈተሽም። ባንክ ለመቀጠር፣ ቤት ለመከራየት ሰው ተያዥ እንደሚጠራ ሁሉ ፕሮግራምም የተከበረ ሰው ተያዥ ከሆነለት በቃ፣ በረኛው ዞር ይበል። ሁሉም ደንቡን ወደደው። ደግሞስ በማን አገር ነው በእንግዳ ኪስ የሚገባው? ነውር አይደለም እንዴ!

የድምፁ እንግዳ ተያዥ ጋሽ አራጋው ነበሩ። በማዕከሉ ውስጥ ያሉትን ከዘበኛው በስተቀር ሁሉንም ያስተማሩ፣ ስማቸው ሲነሳ ሰው ከወንበሩ ከፍ የሚልላቸው ሰው ናቸው። የእሳቸው እንግዳ ይፈተሽ ማለት እሳቸውን ዋሾ ማለት ነው። ማንም አላለም።

በዚያ ዓመት በራውዳ ሰፈር ድንኳን በዛ። መጀመሪያ ፊት ለፊቷ ያሉት እትዬ ሰዲቃ ሞቱ። የእሳቸው ድንኳን ሳይነሳ ከመስጊዱ ጀርባ ሌላ ተተከለ። ሟቾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ቀዘቀዙ፣ ድምፃቸው ጎረነነ፣ ተቀምጠው አንቀላፉ፣ አንድ ቀን አልተነሱም። የሁሉም ሞግዚት እስከ መጨረሻው ደህና ናቸው ይል ነበር። ማዕከሉ መረመረና የሞቱን ምክንያት «የናፍቆት ድካም» ብሎ ጻፈ። ወላሂ እንዲህ ብሎ ጻፈ! ዜና ላይም ተነበበ፤ ሰውም በናፍቆት መሞት ያለ ነው ብሎ አለፈ።

ሰፈሩ ግን የራሱ ምርመራ ነበረው። «ሙታን ወገናቸውን እየጠሩ ነው» አሉ ሴቶቹ። ማስረጃም አላጡም። አቶ ደርቤ የሚባሉ ዘመድ አልባ፣ ከሰው ሁሉ የተጣሉ ሽማግሌ አሉ፤ ድምፅ የሚሰጥላቸው ሰው ስለታጣ የእሳቸው ሞግዚት ጢጥ ብቻ ነው የሚለው። እሳቸው እንደ ፍየል ዳገት ይወጣሉ። «ማን ይጥራቸው? በሕይወት ያለውም አይጠራቸው!» ተባለ። ራውዳም ከሌሎቹ ጋር ስቃለች።

ከዚያ የእናቷ እጅ ቀዘቀዘ።

ራውዳ መጀመሪያ የአየሩ ነው አለች። ከዚያ የዕድሜ ነው አለች። ዘምዘም በፀሐይ ጋቢ ደርባ መቀመጥ ስትጀምር፣ ዓይኗ ሥር ሲያብጥ፣ ልጇን በስሟ ለመጥራት ሰው እንደሚያስታውስ ቆም ስትል፣ ራውዳ ስልኩን ከፍታ ታያለች። ጉድለት፦ ዜሮ ይላል።

ረመዳን ገባ። ዘምዘም በጾም ቀልድ አትወድም። «ስማ አንተ፣ ከጎህ እስከ መግሪብ ዝም በል» አለችው ሙሄን። «ጾመኛ ነኝ፣ አታስቀኝ።» ሙሄም ዝም አለ። ወሩን ሙሉ የሚያወራት ካፈጠረች በኋላ ብቻ ነበር።

እና ዘምዘም ዳነች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ጋቢው ወለቀ፣ ከዚያ የፊቷ እብጠት ጎደለ፣ ከዚያ ተነስታ ጎረቤት ሄዳ ተጣልታ መጣች። ራውዳ በደስታ አለቀሰች። «የጾሙ በረካ ነው» አሉ የመጡት ሁሉ፤ ራውዳም አሚን አለች። ዒድ ሲሆን ዘምዘም የሙሄን አፍ ከነጭራሹ ፈታችው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራት፣ ስትስቅ ዋለች። ሳምንታት ሳይቆዩ ጋቢው ተመለሰ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እጇ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ አንቀላፋች።

ራውዳ እጇን ከወጡ አውጥታ አጠበችላት። እጁ እንደ ወንዝ ድንጋይ ነበር። ስልኩ አሁንም ጉድለት ዜሮ ይላል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከናት፤ የደረቀ ዜሮ። ሕያው ሰው እኮ ዜሮ አይሆንም፤ ምንጊዜም ትንሽ ይጎድለዋል፣ ትንሽ ይተርፈዋል። እና ጾሙ ምግብ ብቻ አልነበረም የቀነሰው። ድምፅም ቀንሶ ነበር።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ገብታ ለሙከራ የተቀመጠ ሞግዚት ከመደርደሪያ አወረደች። የታወቀ የደም ናሙና ሰጠችው። ምን ይጎድላል? አለችው። ከረጅም የዜሮ ሰልፍ በኋላ አንዲት ቁጥር ብቅ አለች፤ ትንሽ፣ ግን አለች። ቀጥላ ድምፅ ያለው አንድ ቃል አናገረችው። «ደህና» አለ ሞግዚቱ። ያንኑ ደም መልሳ ሰጠችው። ዜሮ። አጥፍታ አበራችው፤ ትንሿ ቁጥር ተመለሰች። «ደህና» አስባለችው፤ ዜሮ። ደጋገመችው። ሁልጊዜ ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞግዚቱ ቺፕ ስሌቱን የሚያጣራበት ወንፊት አለው እንበል። ባለቤቱ የሚሠራው በጥቃቅኑ ወንፊት ነው፤ ደቃቁም እንዳይወድቅበት። የድምፁ እንግዳ ሲገባ ግን ወንፊቱን በሰፊው ይቀይረዋል፤ ለድምፅ ሥራ ደቃቁ ምን ያደርጋል? ጆሮ አይሰማው፣ ጊዜ ብቻ ይበላል። እጅግ ትንሽ የሆነውን ሁሉ ዜሮ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለራሱ ሥራ ልክ ነው። ሲወጣ ግን ወንፊቱን ሳይመልስ ይወጣል። ባለቤቱም የራሱ ወንፊት እንደተቀየረ ሳያውቅ የሰውን ደም በዚያው ያጣራበታል። የዘምዘም ጉድለት በየደቂቃው በቀዳዳው ይወድቃል፤ ሞግዚቱም ምንም አልጎደለም ይላል። አልዋሸም። ለእሱ በእርግጥ ምንም አልነበረም። ሞግዚት በየማለዳው ራሱን አጥፍቶ ያበራል፤ ያኔ ጥቃቅኑ ወንፊት ይመለሳል፤ ከዚያ ሟቹ «እንዴት አደርሽ» ይላል፣ አለቀ።

ራውዳ ሞግዚቱን እንደያዘች ኃላፊዋ ዓለምነው ቢሮ ገባች። ዓለምነው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር የማይወድ ሰው ነው። አሳየችው። ዜሮዋን አየ፣ ቁጥሯን አየ፣ እንደገና አሳይኝ አለ፣ እንደገና አየ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«የዚህ እንግዳ ተያዥ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ጋሽ አራጋው።»

«ታዲያ? ጋሽ አራጋው ያጠፋሉ ልትይኝ ነው?»

«ሰው እየሞተ ነው ዓለምነው! እናቴ እየሞተች ነው!»

«አውቃለሁ፣ ረጋ በይ እስቲ። እኔ ምን ላድርግ? ደንቡ ደንብ ነው፤ ተያዡ ከተያዥነት እጃቸውን ካላነሱ በረኛ አይቆምበትም። ሂጂና ጠይቂያቸው።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስትጠይቂያቸው ግን በጨዋ ደንብ ይሁን» አላት።

ጋሽ አራጋው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚኖሩት ሐርቡ ነው። ሐርቡ ቆላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ውሻው እንኳ ጥላ ይዞ ምላሱን አውጥቷል። ራውዳ ላቧን እየጠረገች ግቢውን ስታልፍ ጋሽ አራጋውን በረንዳቸው ላይ አየቻቸው። ጋቢ ደርበው፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጨምረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አብጧል። ራውዳ ልትናገር የመጣችውን ሁሉ ፊታቸው ላይ አየችው።

«ራውዳ? የሙሄ ልጅ?» ድምፃቸው ጎርንኗል። «ነይ ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ። ብርድ ነው ዛሬ፣ አይደለም?»

«አዎ ጋሼ» አለች፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ።

ከአንገታቸው ሥር የወጣት ወንድ ድምፅ «አባዬ፣ እንግዳ መጣልህ? አይቼሃለሁ፤ ምንም አልጎደለህም» አለ።

«ልጄ ይበልጣል ነው» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «የድምፁን ፕሮግራም የጻፈው እሱ አይደል? ሳልጨርሰው አልሞትም ይል ነበር፤ ጨርሶት ሞተ። ያኔ ፕሮግራሙ ተያዥ አጣ ሲሉኝ እኔ አለሁለት አልኩ።»

ራውዳ ይሄን አታውቅም ነበር። የሙከራውን ሞግዚት አወጣችና በፊታቸው ያንኑ ሙከራ አደረገች። ጋሽ አራጋው ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። አእምሯቸው እንደ ገላቸው አልቀዘቀዘም ነበር፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ቀይሮ አልመለሰውም» አሉ።

«አልመለሰውም ጋሼ።»

«ስንቴ ነግሬዋለሁ! ሰው ቤት ገብተህ ያነሳኸውን ዕቃ የነበረበት መልስ ብዬ…» አቋረጡና «እናንተስ? በረኛው የት ነበር?» አሏት።

«እርስዎ ተያዥ ስለሆኑ አልፈተሽነውም። ነውር መሰለን።»

«አይ እናንተ!» አሉ ጋሽ አራጋው። «እኔኮ ተያዥ የሆንኩት ለልጄ ነው። ፕሮግራሙን ከፍቼ አላየሁትም። ልጁን የሚፈትሽ አባት የት አገር አለ? እናንተ ታዩታላችሁ ብዬ ነበር።»

«እኛ ደግሞ እርስዎ አይተውታል ብለን…»

ተከባብረው ተከባብረው ሰፈር ሙሉ ሰው ገድለዋል።

ጋሽ አራጋው ስልካቸውን አስመጥተው ከተያዥነት እጃቸውን አነሱ። ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል። ትንሽ አሰቡና «ልጄ ሰው ነበር» ብለው አስጻፏት። ራውዳ እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ የርስዎንም ድምፅ አሁኑኑ እናጥፋው። ዛሬ ከጠፋ ይድናሉ፣ ወላሂ ይድናሉ፤ እናቴ በጾሙ…»

«የኔን ተይው» አሉ።

«ጋሼ!»

«ተይው አልኩሽ ልጄ። አሁን ካጠፋሁት እንደ ተቆጣሁት ነው የሚቆጥረው።»

ራውዳ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን አንቀላፍተው ነበር።

የሚስተካከለው ነገር ሁለት መስመር ነው። ሲገባ መዝግብ፣ ሲወጣ መልስ። ራውዳ በዚያው ቀን ጻፈችው፣ ሞከረችው፣ ትንሿ ቁጥር በድምፁ ፊትም በድምፁ ኋላም ሳትነቃነቅ ቆመች። ነገር ግን ሰው ቆዳ ሥር ያለን ዕቃ ፕሮግራም ለመቀየር የፈቃድ ጉባኤ መቀመጥ አለበት፤ ጉባኤው የሚቀመጠው ክረምቱ ካለፈ ነው። «አስቸኳይ ነው» አለች። «ለዚህ ነውኮ አጀንዳው ላይ አንደኛ ያስያዝኩት» አለ ዓለምነው። እስከዚያው ማዕከሉ ማስታወቂያ አወጣ። «ለጥንቃቄ ያህል የሞግዚትዎን ድምፅ መቀነስ ይመከራል» ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። ሰው አነበበው፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ ነው ብሎ ትንሽ ዝቅ ያደረገም ነበር። ዝቅ ያለ ድምፅ ያው ድምፅ ነው። ራውዳ ቤት ለቤት ዞራ ተናገረች። አንዳንዱ አመነ፣ ብዙው «የኔው እናት እኔን ትገድለኛለች?» ብሎ ፊቱን አዞረባት። አንዷ በሯን ዘጋችባት።

የቀረችው ከሁሉ የከበደቻት ዘምዘም ናት። ራውዳ ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ስለ ወንፊቱ ነገረቻት። ዘምዘም ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ተኝታ እንዳይሆን ራውዳ ደጋግማ ጉልበቷን ነካ ነካ አደረገቻት።

«ሙሄ ነው የሚገድለኝ ነው የምትይኝ?» አለች ዘምዘም።

«አባ አይደለም እማ። ድምፁን የሚሠራው ፕሮግራም ነው።»

«ለኔ ያው ነው።» ዘምዘም ጋቢዋን ሰበሰበች። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። እኔ ቀብሬው ነበርኮ ያመንኩት።»

«እማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ላጥፋው። ለኔ ስትይ።» ራውዳ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ግንባሯን የእናቷ ጉልበት ላይ ደፍታ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ማን አለኝ ካንቺ ሌላ? ማን አለኝ?»

ዘምዘም ቀዝቃዛ እጇን በልጇ ፀጉር ላይ አሳረፈች። 

«አጥፊው» አለች በመጨረሻ። «ግን አንቺው ንገሪው። እኔ ለዚህ አፍ የለኝም።»

ራውዳ ቀና አለች። ከእናቷ አንገት ሥር ወዳለችው ትንሽ እብጠት ተጠጋች። ዕቃ ነው አለች በልቧ። ስልኩን ነካ አድርጎ ማጥፋት ይቻላል፤ ንግግር አያስፈልገውም። እናቷ ግን እያየቻት ነው።

«አባ» አለች።

«ራውዳዬ!» አለ ሙሄ። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ስልክ በእንዲህ ያለ ደስታ አንስቶላት አያውቅም፤ ወይም ያነሳላት ነበር ይሆናል፣ እሷ ነች የረሳችው። «ምነው ጠፋሽ የኔ ልጅ? ሚሌ ደርሻለሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው!»

«አባ፣ ከዛሬ ጀምሮ… ዝም እንድትል ነው። እማ እንድትድን።»

ሙሄ የሚመልሰውን ከተቀዳው ሁሉ ሲፈልግ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። «እሺ የኔ ልጅ» አለ። «ከዚህ በኋላ ኔትወርክ የለም፤ እንዳታስቡ። ስደርስ እደውላለሁ። ዘምዬን እያት። ምንም አልጎደላትም፣ አይቻለሁ።»

ራውዳ አጠፋችው።

ክረምቱ ገባ። የዘምዘም እጅ ሞቀ፣ እብጠቱ ወረደ፣ ድምፅዋ ጠራ። ከጎረቤት ጋር እንደገና ትጣላ ጀመር። ስለ ሙሄ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በየማለዳው ሞግዚቱ ጢጥ ሲል ብቻ ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትጨፍናለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አታደርግም።

ጋሽ አራጋው በዝናቡ መሐል ሞቱ። ራውዳ ለለቅሶ ሐርቡ ወረደች። በደንቡ መሠረት ሞግዚቱ ከመቀበራቸው በፊት ከገላቸው ወጥቶ መስኮት ሥር በሳህን ተቀምጦ ነበር። ለቀስተኛው ሙሾውን ሲያሳርፍ፣ ከሳህኑ «አባዬ፣ አይቼሃለሁ፤ ምንም አልጎደለህም» የሚል ተሰማ። አንድ ሰው ተነስቶ ሳህኑን በጨርቅ ሸፈነው። የሞቱ ምክንያት የናፍቆት ድካም ተባለ፤ ራውዳ አልተቃወመችም። ጉባኤውም ለመስከረም ተቀጥሮ ወደ ኅዳር ተዛወረ።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ዝናቡ ባባራበት ሰሞን፣ ራውዳ እንደ ልማዷ የእናቷን እጅ ይዛ ሙቀቱን እየሰማች ስልኩን ከፈተች። ዘምዘም ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሞግዚቱ ጠየቀች።

«ምን ይላል ዛሬ?»

ራውዳ ደስ አላት። አንገቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ አነበበችላት። «ጉድለት፦ ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ… ከዚያ ሦስት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትንሽ ጎድሎሻል ማለት ነው እማ። እየሞላልሽ ነው። ልክ ነው፤ አሁን በትክክል ይቆጥራል።»

ዘምዘም ስልኩን ተቀብላ ቁጥሯን ራቅ አድርጋም ቀረብ አድርጋም አየቻት።

«ይቺን ታህል ናት የጎደለችኝ?» አለች።

ራውዳ ቁጥሯን በእናቷ ትከሻ በኩል ደግማ አየቻት።

«አሁንም መቁጠር አልቻለም ልጄ» አለች ዘምዘም። ስልኩን መለሰችላት፣ የሞቀ እጇን ከልጇ እጅ አወጣች፣ ተነስታም የምሳውን ሽንኩርት ልትከትፍ ወጥ ቤት ገባች።